ጩኸታሙ መጋዝ

ይድረስ ለወንድምጋሼ ገመዳ፦ እንዴት ከረምክ? እኔ ጆሮዬ ከመደንቆሩ በቀር፣ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

አሠሪዬ ካፊሌ ኤምዲኤፍ ጣውላ የምንቆርጥበት አዲስ መጋዝ አስመርጦኝ ነበር። አንደኛው ድምፁ ብዙም አይሰማ፣ ጠርዝም አይሸራርፍ። እኔ ግን ጩኸታሙን መረጥኩ። አንተም አናጢ ነህና እንደምትታዘበኝ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ዓርብ ወርክሾፑ ተዘግቶ ስንሰበሰብ፣ እህት ሃና መዝሙር የምታነሳው መጋዙ መጮህ ሲጀምር ነው።

ባለፈው ዓርብ ጎረቤታችን የወርክሾፑ በር ላይ አግኝቶኝ፣ «በዕረፍት ቀን ምን ትቆርጣላችሁ?» አለኝ።

«ቁም ሳጥን» አልኩት።

ዓይኑ ግን ደጃፉ ላይ ከተደረደሩት የሴት ጫማዎች ላይ ነበር።

ስትጸልዩ ስሜን ጥሩ። ለእማዬ ግን አደራ፣ ስለ መጋዙ ብቻ ንገራት።

ታናሽህ ብስራት፣ ከኾባር፣ ሳዑዲ