ተጽፎ ያለቀ ደብተር

ይድረስ ለወንድሜ ለፈዲሉ፣ ካለህበት ጆሃንስበርግ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብ ሕመምህ ለቀቀህ? ሱቁስ፣ ሰፈሩስ ሰላም ነው? እዚያ ብርዱ ገብቷል ይላሉ፤ እባክህ ልብስ ደርብ። እኛ ጋ እናታችን አልሐምዱሊላህ ደህና ናት፣ ልጄ ነዒማም ጥርሷን እየቀየረች ነው። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽህ አልችልም። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ድምፅህን ስሰማ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት።

አባባ የጻፈልህን ደብተር ወደ አንተ በሚመጣው በጎረቤታችን በቡርሃን እልክልሃለሁ ብዬህ ነበር። ደብተሩ የለም፣ ፈዲሉ። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።

አባባ ጉሮሮውን ታሞ ድምፁ ከተዘጋ በኋላ ውኃውንም መድኃኒቱንም የሚጠይቀን በእጁ ምልክት ነበር። የሚጽፈው ላንተ ብቻ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ዙሁር ሰግዶ፣ ትራስ ተደግፎ፣ በዚያ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ላይ ሲጽፍ ይውላል። ጥር ላይ፣ ሊሞት አራት ቀን ሲቀረው፣ የመጨረሻውን ገጽ ሞልቶ ሰጠኝ። ሽፋኑ ላይ «ለልጄ ለፈዲሉ፤ ሌላ ሰው እንዳይከፍተው» ብሎ ነበር። እኔም እሺ ብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከማስተማሪያ መጻሕፍቴ ጋር አስቀመጥኩት።

እንደምታውቀው በትምህርት ቤታችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብን የምይዘው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ክፍሎቹን በአሮጌ ወረቀትና በሃይላንድ ፕላስቲክ አወዳደርኳቸው፤ ያሸነፈ ክፍል ወንጪ ሐይቅን ሊያይ። ብታይ አምቦ ጸዳ! ባጃጅ እያስቆሙ ከወንበሩ ሥር ሃይላንድ ይለቅማሉ። ርዕሰ መምህራችን ውኃውን ጠጥቶ ሳይጨርስ ሦስት ልጆች ፊቱ ቆመው ይጠብቁታል። እንዲህ ስቄ አላውቅም። ኋላ ግን አንዳንዶቹ አዲስ ደብተር ከሱቅ እየገዙ ማምጣት ሲጀምሩ ተቆጣሁና ደንብ አወጣሁ፤ ከእንግዲህ የሚመዘነው ተጽፎ ያለቀ ደብተር ብቻ ነው አልኩ። በዚህች ደንቤ ስኮራ ሰነበትኩ።

የነዒማ ክፍል፣ ሦስተኛ ኤ፣ በግማሽ ኪሎ ተበልጦ ነበር። ልጅቷ ቤቱን ስትበረብር የአባባን ደብተር አገኘች። የምትማረው በኦሮምኛ፣ በቁቤ ስለሆነ የኛን ፊደል ገና አታነብም። ገጾቹን ገልጣ እስከ መጨረሻው መጻፋቸውን ብቻ አየች። ከራሷ ደብተሮች ጋር በሲባጎ አስራ ሰኞ ዕለት አመጣችው። ሚዛኑ ላይ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ጥቅሉን አልፈታሁም። ሦስተኛ ኤ አሸነፈ ሲባል ልጆቹ ሲጮኹ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ሐሙስ ለቡርሃን ልሰጠው ቁም ሳጥኑን ስከፍት ደብተሩ የለም። ነዒማን ስጠይቃት፣ «እማ፣ ተጽፎ ያለቀ አምጡ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?» አለችኝ።

በማግስቱ ጊንጪ ሄድኩ። ከየትምህርት ቤቱ ወረቀት የሚረከቡት ኦቦ ቱፋ መጋዘናቸው እዚያ ነው። መኪናው ረቡዕ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ወረቀት ፋብሪካው ሄዷል አሉኝ። ቢደውሉም ጭነቱ ተፈጭቶ ገንዳ ገብቷል ተባለ። ሰውየው ፊቴን አይተው ሥራቸውን ትተው የቀረውን ከረጢት ሁሉ አብረውኝ ዘረገፉ። ጠንካራ ሽፋን ከወረቀቱ ጋር ስለማይሄድ ሠራተኞቹ እየገነጠሉ ለብቻው ይከምሩታል። ከዚያ ክምር ውስጥ የአባባን ጽሕፈት አየሁ። ኦቦ ቱፋ «አይዞሽ፣ ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ» እያሉ አቧራውን በጋቢያቸው ጠረጉልኝ። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሽፋኑን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌልሃለሁ።

ምን ይል ነበር ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። አላውቅም፣ ወንድሜ። አንድም ገጽ አልገለጥኩም። አንድ ቀን እንኳ አባባን እምቢ ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የምነግርህ አንድ ነገር ይኖረኝ ነበር። ለቀብሩም መድረስ ያልቻልክ ሰው ነህ።

ነዒማ ወንጪ አልሄድም ብላለች። አጎቴን ይቅርታ ጠይቂልኝ ትላለች፤ የሷ ጥፋት አለመሆኑን ብነግራት አላመነችኝምና አንተው ደውለህ ንገራት። ቡርሃንም ደብተሩን ሳልይዝ፣ ይህን ደብዳቤ ብቻ ይዤ መሄዴ ነው ብሎ አዝኗል፤ ሲደርስ በደህና ተቀበለው። እናታችን ዓይንህን ትስማለች፣ ዱዓዋም አልተለየህም። የደብተሩን መጥፋት አልነገርኳትም። ሰባቱን ወር ከጎኑ ተቀምጣ ሲጽፍ ታየው ነበር እንጂ እሷም አንድ ቃል አላነበበችም። ቡርሃን ገባ ሲባል ስልኩን ከእጄ ነጥቃ መጀመሪያ የምትጠይቅህ፣ አባትህ ምን አለህ ብላ ነው።

እህትህ አዚዛ
አምቦ፣ ግንቦት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.