የጋሽ ኳኳታ የሕይወት ታሪክ እና ያልተገኘችው ቁጥር 117

ሰፈሩ ጋሽ ኳኳታ እያለ የሚጠራቸው ብስክሌት ሠሪው አባታችን፣ ከብረት በር ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ክፍል ከአባታቸው ወርክሾፕ የምትለየው በአንድ ግድግዳ ብቻ ስለነበር፣ ከእናታቸው ድምፅ ቀጥሎ የለመዱት የመዶሻ ድምፅ ነው።

በ1957 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በብየዳ ሙያ ተመርቀው፣ ለስምንት ዓመታት በአውቶቡስ ጥገና ክፍል አገለገሉ። ዓይናቸው ግን የሚያርፈው አውቶቡሱ ጥሎት በሚሄደው ሰው ላይ ነበር። እናታቸው የሰፉትን ልብስ ተሸክመው ደጅ ለደጅ ሲያደርሱ ጉልበታቸው ማለቁን አይተዋል። በ1965 ዓ.ም. የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፈቱ።

የነደፉት ብስክሌት ለውድድር አይሆንም። ቀሚስ ለለበሰ እንዲመች መሐሉ ዝቅ ያለ፣ ኋላው ሃምሳ ኪሎ የሚችል፣ ብሎኑ ሁሉ በአንድ ቁጥር 14 መፍቻ የሚፈታ ነበር። ብዙ ሰው እንዲገዛው ሲሉ ከቀለሙ፣ ከኮርቻውና ከጌጡ ቀነሱ፤ ከብረቱ አልቀነሱም። አንድ ሳምንት ላይ ግን ከጊዜው ቀነሱ።

በ1968 ዓ.ም. ነርስ ከነበሩት እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። በ1974 ዓ.ም. እናታችን የሚሠሩበት ጤና ጣቢያ ቤት ለቤት ለሚዞሩ ነርሶች ሃያ አራት ብስክሌቶች አዘዘ። አባታችን የበየዱትን መጋጠሚያ አመድ ውስጥ ቀብረው በራሱ ጊዜ እስኪበርድ የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። ያን ሳምንት ግን የርክክቡ ቀን ደረሰባቸውና የጋለውን ብረት በባልዲ ውኃ አቀዘቀዙት። እንዲህ የቀዘቀዘ ብረት እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል፤ ከላይ ምንም አይታይበትም። ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ከ101 እስከ 124 ቁጥር መትተው፣ ቀለም ቀብተው አስረከቡ።

ሁለት ዓመት ምንም አልሆነም። በሦስተኛው ዓመት ቁጥር 109 ቁልቁለት ላይ ከመሪው ሥር ለሁለት ተሰበረ። የሚነዱት እናታችን ነበሩ። ትከሻቸው ተሰብሮ በተኙበት አልጋ አጠገብ አባታችን የባልዲውን ነገር መናዘዝ ሲጀምሩ፣ እናታችን አላስጨረሷቸውም፤ «እኔ እንደሆንኩ ወድቄ ተርፌያለሁ። እዚህ ምን ጎለተህ? ሃያ ሦስቱን ፈልግ እንጂ!» አሏቸው።

በአንድ ወር አሥራ ዘጠኙን፣ በስድስት ዓመት ደግሞ ሦስቱን አገኙ። እያንዳንዱን በገዛ እጃቸው በመጋዝ ቆርጠው በአዲስ ተኩ። አራቱ ላይ ስንጥቁ ጀምሮ ነበር።

ቁጥር 117 አልተገኘችም። የያዟት ነርስ ጡረታ ሲወጡ ለጎረቤት ሰጧት፤ ጎረቤትየው ለአንድ መንገደኛ ሸጣት። አንድ ቀለም ቀቢ አረንጓዴ እንደቀባት ያስታውሳል። ከዚያ ወዲያ አየኋት የሚል የለም።

ጋሽ ኳኳታ የሚለው ስም የመጣው ያኔ ነው። ግድግዳ የተደገፈ የእጃቸውን ሥራ ባዩ ቁጥር ቆመው መጋጠሚያውን በመፍቻ ይመቱታል። ደህናው ብረት ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ዳቦ ቤቱ በር ላይ የሚቆሙት ጎልማሶች «ጋሼ፣ ገፋ አድርገው ይግቡ፣ ክፍት ነው!» እያሉ ሲያሾፉባቸው ስቀው ያልፉ ነበር። ቤት ውስጥ ግን፣ ደጅ አንዳች ነገር በወደቀ ቁጥር፣ መሰላልም ይሁን ባልዲ፣ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው በር ላይ ይገኙ ነበር። ይህን ያህል ዓመት ካልተሰበረች አትሰበርም ብለው ያጽናኗቸው ነበሩ። እሳቸው አልተጽናኑም፤ የብረት ስንጥቅ ይጨምራል እንጂ አይድንም።

በ2003 ዓ.ም. ጆሯቸው ሲደክም፣ ታላቅ ልጃቸው እየመታች እሳቸው መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አድርገው ማዳመጥ ጀመሩ። በ2009 ዓ.ም. እናታችን ሲያርፉም ፍለጋው አልቆመም።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ታላቅ ልጃቸውን «ተገኘች?» ብለው ጠየቋት። ልትዋሻቸው አሰበች፤ አፏ እምቢ አላት። «አልተገኘችም፣ አባዬ።» እሳቸውም እንዲህ አሏት፤ «እንግዲያው ቀብሬ ላይ ብዙ ሰው በብስክሌት ይመጣል። አታልቅሺ አልልሽም፤ መፍቻውን ግን ያዢ።» ሐሙስ ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በ78 ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች ትተዋል።

ስለዚህ በብስክሌት የመጣችሁ ወዳጆች፣ ለመሄድ አትቸኩሉ። ብስክሌታችሁን ገልብጣችሁ ከፔዳሉ መጋጠሚያ ሥር ያለውን ቁጥር እዩ፤ ቀለም ከሸፈነው ፋቁት። ታላቅ ልጃቸው መፍቻውን ይዛ መውጫው በር ላይ ትቆማለች። 117 እጁ ላይ የተገኘ ሰው እንዳይጭንባት፣ እንዳይወጣባት፤ እየገፋ ወደ ቤታችን ይምጣ። ለእሱ የተሠራች አዲስ ብስክሌት ከወርክሾፑ ጣሪያ ላይ ከተሰቀለች ወደ አርባ ዓመት ሆኗታል።

አምላክ የአባታችንን ነፍስ ያሳርፍ። ያችን ብስክሌት የሚነዳውንም ሰው፣ እኛ እስክንደርስበት፣ ይጠብቅልን።