የእሁድ መጥረጊያ

እሁድ፣ ኦክቶበር 3፣ 1971

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምስር ጣድኩ። ካልሲ ጠገንኩ። ዝናብ። በአጭሩ እንደ ሁልጊዜው እሁድ... እስከ ሰባት ሰዓት።

ልክ በሰባት ሰዓት ከፊት ለፊት ቤት ያ ጩኸት ተነሳ። ቫኪዩም፣ ያ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ! በእሁድ! ያውም በቀትር! በዚህ ሕንፃ ስኖር ሃያ ዓመቴ ነው፤ እሁድ ሚስማር የመታ ሰው እንኳ አላውቅም። ወዲያው ከምድር ቤት ወይዘሮ ክናውስ የማሞቂያውን ቧንቧ በማንኪያ መቀጥቀጥ ጀመረች። የቤቱ ባለቤት ናት። ለአዲሱ ተከራይ ሁለት ማስጠንቀቂያ ጽፋላቸዋለች። ሦስተኛው ከተጻፈ ይለቃሉ። ሰውየው ከመጡ ገና አምስት ሳምንታቸው...

ምን ነካኝ? ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ የእጅ መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ። ያቺን የእናቴን። ገመድ የላት፣ ሞተር የላት፤ ስትገፋ ብሩሿ ሆዷ ውስጥ ይዞራል፣ የምንጣፉን ጉድ ሁሉ ትሰበስባለች። እሁድ ብጠርግባት ማን ይሰማል?

ስድስቴ ደወልኩ። በሰባተኛው ተከፈተ።

"ማን ሞተ?" አሉ ፊቴን አይተው።

"ማንም። እሁድ ነው!"

"እሱንማ አውቃለሁ። እሁድ እኛ መርከብ ላይ የጽዳት ቀን ነበር።"

አቶ ብሮደርሰን ይባላሉ። ከሰሜን፣ ከባሕሩ ዳር። ሃያ ስድስት ዓመት የመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ። ግራ ጆሯቸው ጨርሶ አይሰማም፣ ቀኙም በግማሽ ነው። የወይዘሮ ክናውስን ማንኪያ አንድ ቀን አልሰሙትም። "ቧንቧው ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ግን ገርሞኝ ነበር" አሉ።

አዋስኳቸው። "ሲጠርጉ ወደ ላይ እንዳያነሷት፤ የበላችውን ትተፋለች" አልኩ።

"እኔም መርከብ የጀመርኩ ሰሞን እንደዚያ ነበርኩ" አሉ።

ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ስቄ ስቄ... ምስሩ አርሯል።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 4

ለሮዝቪታ ነገርኳት። ሱቅ ውስጥ አዝራርና ክር አብረን ስንሸጥ አሥራ አንድ ዓመታችን ነው፤ ከእሷ የሚደበቅ የለም።

"አንቺዬ" አለች፣ "ሌላዋ ሴት ወንድ ቤት ኬክ ይዛ ትሄዳለች። አንቺ መጥረጊያ?"

"ለጎረቤት አዝኜ ነው።"

"እኔም ጎረቤት አለኝ። አዝኜለት ጉንጬ ቀልቶ አያውቅም።"

እሁድ፣ ኦክቶበር 10

መጡ! አራት ሰዓት ላይ፣ መጥረጊያዋን ደግሞ ሊዋሱ። ፀጉራቸውን በውሃ አስተኝተው፣ ክራባት አስረው። ለምንጣፍ ክራባት!

ከአንድ ሰዓት በኋላ መለሷት። ሆዷ ባዶ፣ ጎማዎቿ የተወለወሉ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር አንዴ አራግፏት አያውቅም።

ወይዘሮ ክናውስ ደረጃ ላይ አገኘችኝ። "አቶ ብሮደርሰን ሰው ሆኑሳ!" አለች። ኮራሁ። እኔን ምን እንዳኮራኝ እንጃ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 13

ጎማዎቿን ዘይት ቀባሁ። ብሩሿ ላይ የተጠመጠመውን ክር በመቀስ አወጣሁ። በሳሙና አጠብኳት። እጀታዋ ላይ ቀይ ጥብጣብ አሰርኩ... ፈታሁት። ኧረ እፍረት! በሃምሳ ስምንት ዓመቴ!

እሁድ፣ ኦክቶበር 17

አርባ ደቂቃ ተቀመጡ! አርባ!

የወይን ለቀማ ሰሞን ልማዳችን ነውና የሽንኩርት ኬክ ከአዲሱ ወይን ጋር አቀረብኩ። "እንዲያው ተርፎኝ ነው" አልኩ። የተረፈ? ቢላ ያልነካው ሙሉ ኬክ! እሳቸውም አዩት። ሦስት ቁራጭ በሉ።

እንዲሰሙኝ በቀኛቸው ተቀመጥኩ። ሳህን ሳነሳ ግን በግራቸው ዞሬ አንድ ነገር አልኩ። የማይሰሙትን። እዚህም አልጽፈውም።

ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "በየእሁዱ ከማስቸግርዎ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ እንደዚህች ያለች አይቻለሁ። ልገዛ ነው።"

ሳህኑን መልሼ አስቀመጥኩ።

"የዘንድሮዎቹን? እንዳይገዙ! ጎማቸው በወሩ ይወልቃል!"

"እንዴት አወቁ?"

"ሰው... ብዙ ሰው ነግሮኛል።"

አሥራ ሁለት ዓመት ለሕፃናት የእግዚአብሔርን ቃል ያስተማርኩ ሴት። አትዋሹ ያልኩ! ምላሴን እንኳ አላደናቀፈውም። አልገዙም ግን። ለጊዜው።

አርብ፣ ኦክቶበር 22

ፖስተኛው ደወለ። አቶ ብሮደርሰን የሉም፣ እሽግ መጥቶላቸዋል፣ ይቀበሉላቸዋል? ጎረቤት አይደለሁ? ፈረምኩ።

በሩን ዘግቼ ካርቶኑን ሳየው... ላዩ ላይ አንዲት ሴት ጥርሷን ገልጣ የምንጣፍ መጥረጊያ ትገፋለች። አዲስ መጥረጊያ! ላኪ፦ ቪ. ራይመርስ፣ ሁዙም። ያ የሰሜኑ ባሕር ዳር።

ቪ? ይቺ ቪ ደግሞ ማናት?

ማታ ስሰጣቸው በዓይኔ መጣ። "አመሰግናለሁ፣ ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም" ሲሉኝ። በራቸው ሲዘጋ። እሁድ አራት ሰዓት፣ እኔና የግድግዳው ሰዓት ስንተያይ...

ቁም ሳጥን ውስጥ ከክረምት ካፖርቶቼ ኋላ ከተትኩት። እስከ እሁድ ብቻ። አንዲት እሁድ ልስረቅ፣ ሰኞ እሰጣለሁ።

እሁድ፣ ኦክቶበር 24

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

ፈዘዝ ብለው መጡ። የፕሪም ኬኩን አልነኩትም። "ሐሙስ ስድሳ ሁለት ይሞላኛል" አሉ።

"እንኳን ደስ አለዎት!"

"ልጄ ትጽፍልኝ እንደሆነ እያየሁ ነው።"

ልጅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር። ቪብከ ትባላለች። ቪ!

ከሁለት ዓመት በፊት አገባች። ባሏ ዴትሌፍ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ገበያተኛ ሴቶች ፊት ምንጣፍ ላይ አመድ በትኖ፣ በመጥረጊያው ሰብስቦ የሚያሳይ። አቶ ብሮደርሰን ሰርጉ ላይ ጠጥተው ተነሱና "ልጄን ለመጥረጊያ አዟሪ አላሳደግኋትም" አሉ። ሰው ሁሉ እየሰማ። ሙሽራው እየሰማ። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።

"አሁን ካርዶች ልኬላታለሁ" አሉ፣ "ይቅርታ ብዬ። የናቅሁት ዕቃ ከዚህ ቤት ከመባረር አዳነኝ ብዬ ጻፍኩላት። ይቅር ካለችኝ ለልደቴ ትመልሳለች። የፖስታ ሳጥኑን በቀን ሦስቴ እየወረድኩ አያለሁ። ባዶ ነው።"

ካርቶኑ ከጀርባቸው ነበር። ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። አፌን ከፈትኩ... "ፖስታ ዘንድሮ ይዘገያል" አልኩ።

እንዲህ ያለች ፈሪ ነኝ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 25

ሮዝቪታ አልሳቀችም። ይሄ ነው ያስደነገጠኝ።

"ስጪያቸው።"

"ይጠሉኛል።"

"ይጥሉሻ! ልጃቸውን ግን ያገኛሉ። አንቺ የምን ሙጭጭ ነው? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።"

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 26

በራቸው ድረስ ሄድኩ። ተመለስኩ። ደግሞ ሄድኩ። ደግሞ ተመለስኩ። ሦስተኛ ላይ በሩን ራሳቸው ከፈቱት።

"ምነው?"

"ጨው... ጨው አለዎት?"

ግማሽ ኪሎ ሰጡኝ። ቤት ሙሉ ጨው አለኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 28

አደረግሁት።

ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ። ለምን እንደለበስኩት እግዜር ይወቅ። ካርቶኑን አቅፌ ደወልኩ። በልደታቸው ቀን ብቻቸውን ዳቦ በቅቤ እየበሉ ነበር።

"አርብ ነው የመጣልዎ" አልኩ። "እኔ ነኝ የደበቅሁት።"

"ምን?"

በግራቸው ቆሜያለሁ ለካ! ጮክ አልኩ። "ደብቄው ነበር!"

"ለምን?"

"የራስዎ ካለዎት አይመጡም ብዬ!"

"ምን አሉ?"

ጌታዬ ሆይ! ደረጃው እስኪያስተጋባ ጮህኩ፦ "የራስዎ መጥረጊያ ካለዎት እሁድ እሁድ እኔ ቤት አይመጡም ብዬ ነው!"

ከታች በር ሲከፈት ሰማሁ። ወይዘሮ ክናውስ። ይሁን፣ ትስማ።

አቶ ብሮደርሰን ካርቶኑን ተቀበሉኝ። የላኪውን ስም በጣታቸው ነኩት። ቀና ብለው አዩኝ... በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ምናለ ደርግመው በዘጉት!

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 30

ሻንጣ ይዘው ሄዱ። በመስኮት አየኋቸው። ዞር አላሉም።

አሁን የይቅርታ ንግግሬ ተሳክቶልኛል። የሚያምር፣ የሚያስለቅስ። መስተዋት ፊት ሁለቴ ተናገርኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እሁድ፣ ኦክቶበር 31

አራት ሰዓት። ምንም።

አምስት ሰዓት ላይ ተደወለ፤ ዘልዬ ከፈትኩ። ወይዘሮ ክናውስ። በሳህን የተሸፈነ ነገር ይዛለች።

"ሐሙስ ዕለት በቀትር የዕረፍት ሰዓት ጮኸዋል" አለችኝ።

"አዎ።"

"ማስጠንቀቂያ ልጽፍልዎ ወረቀት አውጥቼ ነበር።"

"ይጻፉ።"

"ተውኩት። ኬክ ጋገርኩ።"

አብረን ግማሹን በላነው። ሃያ ዓመት ስፈራት ኖሬ!

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 6

መጡ። መጡ። መጡ!

በር ላይ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ የታጨሰ ዓሣ፣ በሌላው ያን ካርቶን። ሰላምታ እንኳ ሳያቀርቡ፦

"እስከ ሃኖቨር ድረስ ተናድጄ ነበር።"

"ልክ ነዎት።"

"ከሃኖቨር በኋላ ሳቄ መጣ። ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።"

ቪብከ ወልዳለች! ወንድ ልጅ። እሽጉ ውስጥ ደብዳቤ ነበር፤ ክርስትናው ባለፈው እሁድ ነበር፤ ጠርታቸዋለች።

"አራት ቀን ቢዘገዩ ኖሮ..." አሉ፤ አልጨረሱትም። አሁን አልሳቁም።

"አውቃለሁ" አልኩ። እንባዬ መጣ። ያ የተለማመድኩት ንግግር የት እንደገባ እንጃ። "ይቅር ይበሉኝ" ብቻ ወጣኝ። በቀኛቸው ሆኜ።

"አራት ቀን አልዘገዩም" አሉ። "በዚህ ክንዴ ይዤዋለሁ። ዴትሌፍ ነው ያቀበለኝ።"

ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና ደብዳቤውን አነበቡልኝ። ቃል በቃል ልጻፈው፣ እንዳልረሳው፦

"አባባ፣ አምስት ካርድ ላክህልኝ። ስለ አየሩ አንድ መስመር፣ ስለ ይቅርታ ሁለት መስመር፣ የቀረው ሁሉ ስለ ጎረቤትህና ስለ መጥረጊያዋ። ጎማው እየላላባት ነው ብለሃል። ዴትሌፍ ከሱቁ ደህናውን መርጦላታል። ከእኛ ነው ብለህ ስጣት፤ አንተን ስለታገሠችልን።"

ስጣት።

የእኔ ነው! ያ እሽግ የእኔ ነው! ስድስት ቀን እንቅልፍ አጥቼ የደበቅሁት የራሴን ስጦታ ነው! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እንዲህ ይጠራል ብሎ ማን ገመተ? ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እየሳቅሁ አለቀስኩ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ከታች ቧንቧው ተቀጠቀጠ። ቅዳሜ ማታ መሆኑ ነው። በማንኪያ፣ ግን ቀስ ብላ።

"ታዲያ የእርስዎስ መጥረጊያ?" አልኳቸው ሲረጋጋልኝ።

"የእኔ? ማን ላከልኝ? እኔ መዋሴን እቀጥላለሁ።"

እሁድ፣ ኖቬምበር 21

ዛሬ በሦስት ሰዓት መጣ። ክራባት የለ፣ ነጠላ ጫማ በእግሩ። የሕፃኑን ፎቶ ይዞ። አፍንጫው የዴትሌፍ ነው፤ "ምን ይደረጋል" አለ፣ "ደህና አፍንጫ ነው።"

አሮጌዋና አዲሷ በሩ ጋ ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዷን ላነሳ ስል ክንዴን ያዘኝ። "ተቀመጪ፣ ጌርሊንደ።"

ተቀመጥኩ። በግራ በኩል። ጭንቅላቱን ወደ እኔ አዙሮ ቀኝ ጆሮውን አቀረበልኝ።

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ምንጣፉ ላይ የኬክ ፍርፋሪ፣ የዓሣ አጥንት፣ የጋዜጣ ቅዳጅ... ማንም አልጠረገውም።