ከመድኃኒት ነፃ ስላወጧት እህቴ

ለክቡር የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ወንበርዎም የተመቸ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ለማውጣት የተገደድኩት ክቡርነትዎን ለማሳጣት አስቤ አይደለም። ቢሮዎ ደጃፍ በተመላለስኩ ቁጥር ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ስለምትነግረኝ፣ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ጋዜጣ ማንበቡ አይቀርም ብዬ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። የምጽፍልዎ እትዬ እያልኩ ስላደግኩት ስለ ታላቅ እህቴ ነው። ክቡርነትዎ በደንብ ያውቋታል። በሆስፒታሉ ዋና በር ላይ ባሰቀሉት ትልቅ ሰሌዳ፣ ሐምራዊ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ፈገግ ያለችው ልብስ ሰፊ እርሷ ናት። ከፎቶዋ ሥር «ዮጋ ከመድኃኒት ነፃ አወጣኝ» ተብሎ ተጽፏል። በአሁኑ ሰዓት እትዬ ከዚያው ሰሌዳ ጀርባ ባለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏት ተኝታለች።

ዮጋን ለመክሰስ እንዳልመጣሁ ግን አስቀድመው ይወቁልኝ። ክቡርነትዎ ለልምድ ልውውጥ ባሕር ተሻግረው ሲመለሱ፣ ሌላው ሹም ሽቶና ኮት ይዞ በሚገባበት ጊዜ እርስዎ ዮጋ ይዘው በመምጣትዎ ተደንቀናል። የደም ግፊት ታካሚዎች ተራ ይጠብቁበት የነበረው አዳራሽ አግዳሚዎቹ ወጥተው፣ ግድግዳው ሰማያዊ ተቀብቶ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት የመጀመሪያ ቀን እትዬን ይዤ ተገኝቻለሁ። አሰልጣኟ ድምፅዋ የማይቸኩል፣ ሥራዋን የምትወድ ልጅ ናት። እትዬ ዕድሜዋን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ያጎበጠችውን ጀርባ አቃንታ፣ ትንፋሿን በአፍንጫዋ ቀስ አድርጋ ስትስብና ስትለቅ፣ ፊቷ ላይ ከልጅነታችን ወዲህ ያላየሁትን እርጋታ አየሁ። እኔም አብሬ ተጋድሜ እንቅልፍ ስለወሰደኝ አንኮራፍቼ አሳፍሬያታለሁ። ሰውነትን ማፍታታትና ልብን ማሳረፍ ለግፊት እንደሚበጅ ሐኪሞችም ይናገራሉ። አሰልጣኟም በዚያው ቀን ይህ ከመድኃኒታችሁ ጋር እንጂ በመድኃኒታችሁ ፋንታ አይደለም ብላ አስጠንቅቃናለች። ይህ ንግግሯ በኋላ በታተመው ብሮሹር ላይ አልወጣም፤ ቦታ ቢያጥር ነው እንዳልል የክቡርነትዎ ፎቶ ሙሉ ገጽ ይዟል።

እንግዲህ ቅሬታዬን ከምስጋናዬ ጋር ቀላቅዬ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ አለካካችሁ። ቀድሞ እትዬ ከሥራዋ መጥታ፣ አግዳሚው ላይ ትንሽ አረፍ ብላ ትለካ ነበር። አዳራሹ ከተመረቀ ወዲህ ግን ነርሶቹ ታካሚውን ዮጋው ሲያልቅ ብቻ፣ መብራቱ ደብዘዝ፣ ሙዚቃው ለስለስ እንዳለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በጀርባው ከተጋደመበት ሳይነሳ እንዲለኩ በክቡርነትዎ ፊርማ ታዘዙ። ምክንያቱ ታካሚው እንዳይረበሽ ነው ተባለ። እውነትም የተረበሸ የለም፤ በዚያ ሰዓት የሁላችንም ግፊት የኮረዳ ግፊት ሆነ። ክቡርነትዎ፣ እህቴ በጀርባዋ ተኝታ አይደለም የምትኖረው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የደንብ ልብስ ተረክባ፣ አንዷ እናት እጅጌው አጠረ፣ ሌላዋ ለነገ ካልደረሰ እያሉ ሲጮሁባት፣ መብራት ጠፍቶ መኪናውን በእግሯ ስትገፋ ማንም መጥቶ አልለካትም።

ሁለተኛ፤ በዚያ ልኬት ስላደረጋችሁት። ቁጥሩ ባማረ መጠን ሐኪሙ ክኒኑን እንዲቀንስ፣ ቀጥሎም እንዲያቆም መመሪያ ወረደለት። ወጣቱ ሐኪም ይህን ለእትዬ ሲነግራት ዓይኗን ሸሽቶ ጠረጴዛውን ነበር የሚያየው። እናንተው ባተማችሁት ወረቀት ላይ ዮጋው «ደጋፊ ሕክምና» ተብሏል፤ ደጋፊ ደግሞ የሚደግፈው ነገር ያስፈልገዋል። ምርኩዝ ሰጥቶ እግር መቁረጥን ሌላው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው አላውቅም፤ በእናንተ ሪፖርት ግን «አርአያነት ያለው አሠራር» ተብሎ ተሸልሟል። ሽልማቱን ሲቀበሉ በቴሌቪዥን አይተንዎታል፤ እትዬም አጨብጭባልዎታለች። ያኔ ሁለቱም እጆቿ ይታዘዟት ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ሰሌዳው፤ ይህኛው ይረዝማልና ይታገሡኝ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ ካሜራ ይዞ መጥቶ ዮጋው ምን እንዳደረገላት ሲጠይቃት አጠገቧ ነበርኩ። እትዬ የመለሰችው «ጀርባዬን ትንሽ ቀለል ብሎኛል» ብላ ነው። ከዚህች ዓረፍተ ነገር «ከመድኃኒት ነፃ አወጣኝ» የሚለውን ያወጣ ሰው በአንድ ሆስፒታል ተወስኖ መቅረቱ ያሳዝናል። ሰሌዳው በተሰቀለ ጊዜ እትዬ አንጋጣ ስታነብ ቆየችና «እኔ እንዲህ አልኩ እንዴ?» አለችኝ። አላልሽም አልኳት። እርሷ ግን ትልልቅ ሰዎች በዚህ ሁሉ ቀለም የጻፉትን ሳልለው አይሰቅሉትም ብላ ለራሷ ተቀበለችው። ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ፤ ማጅራቷን እየያዘች ትሰፋ ጀመር። ክኒኑን ከውጭ ልግዛልሽ ስላት አሻፈረኝ አለች። «በር ላይ ተሰቅዬ እያለሁ ክኒን ስውጥ ቢያዩኝ ሰው ምን ይለኛል? ዋሾ አይሉኝም?» ነበር መልሷ። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ፤ አልሆነም። ክቡርነትዎ፣ ይህች ሴት እናታችን ከሞተች ጀምሮ ሰፍታ ያሳደገችኝ፣ የደንበኛ ቁራጭ ጨርቅ እንኳ ሳትመልስ የማታድር ሰው ናት። ዋሽታ አታውቅም። የእርስዎን ውሸት እውነት ለማድረግ ግን ጭንቅላቷ ሊፈነዳ እስኪደርስ ታገለችልዎ። እኔ በዚህ ተናድጃለሁ ብል ያንስብኛል።

አራተኛ፤ ስለ አቀባበሉ ላመስግን። አንድ ቀን ጨርቅ እየቆረጠች ሳለ መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ላንሳ ብላ ጎንበስ ስትል እጇ አልሄደላትም፤ አፏም ወደ አንድ ጎን ዞረ። ጎረቤታችን ባለ ታክሲው አፋፍሶን ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ፣ ዘበኛው ለሌላው የማይቀረውን ፍተሻ ትቶ «የሰሌዳዋ እማማ ናቸው!» ብሎ ሁለቱንም የበር ክንፍ ወለል አድርጎ ከፈተልን። ድንገተኛ ክፍል የተቀበለችን ሐኪም ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ለማወቅ ካርዷን ስትገልጥ በመድኃኒቱ ቦታ «ዮጋ» ተብሎ ተጽፎ አገኘችው። ካርዱን ደግማ አየችው፤ እኔንም አየችኝ። ግፊቷን የለካችው ነርስ መለኪያው ተበላሽቶ መስሏት ሌላ አመጣች። የመጀመሪያውም ደህና ነበር።

አምስተኛ፤ ስትሮክ መሆኑ ከተነገረን በኋላ ክቡርነትዎን ኮሪደር ላይ አግኝቼ ቆመው ስላነጋገሩኝ ውለታዎን አልረሳም። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ምናልባት አተነፋፈሱን በትክክል አልያዙት ይሆናል አሉኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ ሰነፍም፣ ፈሪም፣ ጉረኛም ነበረባቸው። የታመመች ሴት አልጋ ላይ ተኝታ እያለች ጥፋቱን ወደ ትንፋሿ ያዞረ ግን ከእርስዎ በቀር አላጋጠመኝም። ያንን የመሰለ ንግግር ለመናገር ምን ያህል ትምህርት እንደሚያስፈልግ አላውቅም፤ የእኔ ትምህርት የበቃው ወደ እህቴ አልጋ ለመመለስ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። ሐኪሟ ክኒኑን መልሳ አዛለች። ይህን ካቋረጠች ሁለተኛ ሊመታት ይችላል፣ ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው አይምርም ብላኛለች። ይሁን እንጂ የሆስፒታሉ መድኃኒት ክፍል እትዬ በዮጋው ቡድን ስለተመዘገበች ከዋና ሥራ አስኪያጁ ፊርማ ውጭ ክኒን አይወጣላትም አለኝ። የቀኝ እጇ ነገር ለጊዜው ተስፋ ብቻ ነው፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየዘረጋሁ አሻቸዋለሁ፣ መልሰው ይታጠፋሉ። እህቴን ማጣት አልፈልግም። ይህን ለማለት የተጣመመ አማርኛ አያስፈልገኝም። ስለዚህ አንደኛ ፊርማዎን፣ ሁለተኛ ሰሌዳው እንዲወርድ ትእዛዝዎን፣ ሦስተኛ ዛሬም በዚያ አዳራሽ ተጋድመው ግፊታቸው ተስተካክሏል ለሚባሉት ሰዎች ተነሥተው ቆይተው፣ እንደ ሰው ተቀምጠው እንዲለኩ ፈቃድዎን በትሕትና እጠይቃለሁ። ዮጋው ይቀጥል። እትዬም ስትድን ትመለስበታለች፤ ክኒኗን እየዋጠች።

ጊዜዎን ስለ ወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለሕዝብ ጤና ያለዎት አሳቢነት ለሕዝቡም አንድ ቀን እንዲተርፈው እየተመኘሁ፣

ከሰሌዳዎ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ ሥር የማይጠፋው
አክባሪዎ፣ የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፤ ፊርማዎ እስኪገኝ ክኒኑን የምገዛው ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለው መድኃኒት ቤት ነው። ትናንት ተራ ይዤ ሳለ ከኋላዬ የቆመው ትሑት ሰው የክቡርነትዎ ሹፌር መሆኑን ያወቅሁት፣ የመጨረሻዋን ፓኮ እኔ ወስጄ ሳበቃ ባለ መድኃኒቷን ሲማጠን ሰምቼ ነው። የሚፈልገው ያንኑ የእትዬን ክኒን ነበር። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን እንኳ ዘለው አያውቁም፣ ዛሬ ባዶ እጄን ብሄድ አይምሩኝም ይላት ነበር። እርሱን እንዳይቆጡት አደራ፤ ጥፋቱ ቀድሜው የተሰለፍኩት የእኔ ነው። እትዬ ክኒኗን ዛሬ ጠዋት ውጣለች። የእርስዎ ካልደረሰዎት ግን አዳራሹ ክፍት ነው፤ ምንጣፉም ተነጥፏል።