አሥራ አራት ቀን የተፈረደበት የጣሳ ወተት

ለተከበሩ አቶ መሐሪ እንዳለው
የዝግባ ወንዝ ቀበሌ ሊቀ መንበር፣ የወረርሽኝ መከላከል ግብረ ኃይል ሰብሳቢና የገመዱ ባለቤት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ትንፋሽዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ ሁሉ ደህና ነው? የእኔን ከጠየቁ፣ ተረከዜ ላይ ካለው ቁስል በቀር እግዚአብሔር ይመስገን። ጤና ያሰንብትልን የምለው ለወግ ያህል እንዳይመስልዎ። ረጅም ዕድሜ ኖረው ይህችን ደብዳቤ ደጋግመው እንዲያነቧት ከልቤ እመኛለሁ።

ቀበሌያችንን ከኮሮና ስለ ጠበቁ በዚህ በግንቦት መጨረሻ የምስጋና ወረቀት ሊሰጥዎት እንደ ሆነና ስለ በጎነትዎ የሚመሰክር ነዋሪ እንደሚፈለግ ሰማሁ። ሌላው እጁን እስኪያወጣ አልጠበቅሁም። በማኅበራዊ ፍርድ ቤታችን ዘጠኝ ዓመት ጸሐፊ ሆኜ የሰው ክስና ምስክርነት ስከትብ የኖርሁ ሴት ነኝና የራሴን መጻፍ አያቅተኝም። ማንም ሳይቀርበት እንዲያነበው ብዬም ግልባጩን በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከፎቶግራፍዎ ጎን ለጥፌዋለሁ።

፩ኛ. ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጡቱ አመሰግናለሁ።

እንደሚያውቁት ልጄ ሕሊና በመጋቢት መጀመሪያ ወንድ ልጅ ወልዳ በስድስተኛው ቀን አረፈች። በቀብሯ ላይ ነበሩ፤ ንግግርም አድርገዋል፤ ጥሩ ንግግር ነበር። ሕፃኑን መልካሙ አልነው። አገራችን እናቱ የሞተችበትን ሕፃን የሚያሳድግበት የቆየ መንገድ አለውና፣ ያን ሰሞን አራስ የነበረችው ጎረቤታችን ማሚቱ፣ የራሷን በአንድ ጡት የእኛን በሌላው አድርጋ ሁለት ሳምንት አጠባችው። ልጁ ጉንጩ ሞላ። እኔም ከሐዘኔ ቀና ማለት ጀምሬ ነበር።

ያኔ ነው «ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ ቤት መግባት ክልክል ነው» የሚለው አዋጅዎ በድምፅ ማጉያ የተነገረው። ማሚቱ በጓሮ ዞራ ስትመጣ ታየችና ቢሮዎ ጠርተው ገሠጿት፤ ሁለተኛ ብትገኝ ባሏን እንደሚያስሩት ነገሯት። ለምን ብዬ ብጠይቅዎ፣ ጡትም ንክኪ ነው አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ ጡት ያለ ንክኪ አይጠባም። ይህን ያህል የተማረ ሰው በመካከላችን መኖሩን እስከዚያ ቀን አላወቅሁም ነበርና ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ስለ ይለፍ ወረቀቱም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ከጤና ኬላ የተሰጠችን አንዲት የጣሳ ወተት ወደ ማለቋ ስትደርስ ታናሿ ልጄ ሲሳይነሽ የላም ወተት በውኃ አቅጥና ብትሞክር የልጁ ሆድ አልችል አለ፤ ተቅማጥ ያዘው። የጣሳው ወተት ቡሬ አልቋል ተባለ። ያለው ፍኖተ ሰላም፣ መስታወት በር ባለው ሱፐርማርኬት ብቻ ነው። ባጃጁም ሚኒባሱም ስለ ቆመ በእግር መሄድ ግድ ሆነ፤ በእግር ለመሄድም ከቀበሌው መውጫ በተዘረጋው ገመድ ማለፍ፣ ገመዱን ለማለፍም የእርስዎ ማኅተም ያለበት ወረቀት አስፈለገ።

የቀበሌው ማተሚያ ቀለም ስለ ጨረሰ ወረቀቱን በእጁ እንዲጽፍ የታዘዘው ጽሕፈቱ የሚያምረው ዲያቆን እንድሪያስ ነበር። ዲያቆኑን አልወቅሰውም። ልጁ ዕድሜውን በሙሉ ስም የሚጽፈው ለጸሎት እንጂ ለኬላ አይደለም። የነዋሪውን ስም ጻፍ ሲሉት የሰበካውን መዝገብ ከፍቶ የስድሳውን አባወራ የክርስትና ስም ቁጭ አደረገው። እርስዎም ስድሳውንም ሳያነቡ ፈርመው ማኅተምዎን አሳረፉበት። እኔ ወይኒቱ፣ እህተ ማርያም ሆኜ ወጣሁ። የአገሬው ገበሬ ሁሉ ወልደ ገብርኤልና ገብረሰንበት ሆኖ፣ መታወቂያውን ይዞ ገመዱ ሥር ተኮለኮለ።

ጠባቂዎ ተስፋው ከተወለደ ጀምሮ የሚያውቀኝ ልጅ ነው። መታወቂያዬን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ አንገቱን ደፋ። «እትዬ ወይኒቱ፣ እኔስ አውቅዎታለሁ፤ ወረቀቱ ግን አያውቅዎትም» አለኝ። ወደ እርስዎ ተመልሼ ሁለት ቃል እንዲያርሙልኝ ብለምን፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይሰረዝም፣ ግብረ ኃይሉ በሚቀጥለው ሳምንት ተሰብስቦ ይወስናል አሉኝ። ሕፃኑ እስከዚያ ምን ይብላ ስልዎ ደግሞ፣ «ድሮ ሕፃን በምን ያድግ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። በጎረቤት ጡት ነበር የሚያድገው። ያን ዕለት ለመመለስ አፈርሁና አሁን መለስሁልዎ።

፫ኛ. ስለ መንገዱ።

ስብሰባዎ ሳይደረግ ሆሳዕና አለፈ። በማግስቱ፣ የሕማማት ሰኞ፣ ሌሊቱ ሲነጋጋ ወጣሁ። ገመዱን ሸሽቼ በእርሻው መሐል ቁልቁል ወረድሁ፤ ወንዙን በድንጋይ ላይ ተሻገርሁ፤ ከማንኩሳ ወዲያ ነው አስፋልቱን ያገኘሁት። መኪና የሌለበት አስፋልት ሲያዩት ያምራል፣ ሲሄዱበት ግን አያልቅም። ኮንጎ ጫማዬ ተረከዜን ላጠው። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ያን ቀን ግን አላረጀሁም። እየሄድሁ ከሞተችው ልጄ ጋር አወራ ነበር፤ አይዞሽ፣ ዛሬ ይጠግባል እላት ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ደረስሁ። በር ላይ እጄን አስታጠቡኝ፣ ግንባሬ ላይ የሙቀት መለኪያ አነጣጠሩብኝ፣ በኖራ በተሠመረ ክብ ውስጥ አቆሙኝ። ሁሉንም በደስታ ተቀበልሁ። ሂሳብ ተቀባይዋ ልጅ የተጋጋጠ እግሬን አይታ ወንበር ሰጠችኝ፤ ስንት ማንኪያ በስንት ውኃ እንደሚበጠበጥም በወረቀት ጻፈችልኝ። ሁለት ጣሳ በነጠላዬ ቋጥሬ ስወጣ በሩ ላይ የቆመችውን የመንግሥት ሞተር ብስክሌት አወቅኋት።

የእርስዎ ነበረች። እርስዎም ከኋላዬ ማካሮኒ፣ ብስኩትና አንድ እሽግ የታሸገ ውኃ ለስብሰባው ገዝተው ወጡ። ተያየን። ጣሳዎቹን ይዘውልኝ ቢሄዱ በአርባ ደቂቃ እቤቴ እንደሚደርሱ ነገርሁዎት፤ እኔ በእግሬ እመጣለሁ፣ ጣሳዎቹን ብቻ አልሁ። በአደባባይ፣ የሰው ዓይን እያየኝ፣ ጉልበትዎን ይዤ ለመንሁዎት። የመንግሥት ንብረት ለግለሰብ ጉዳይ አይውልም ብለው ማካሮኒውን ጭነው ሄዱ። ጉልበትዎን ስለ ነካሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ንክኪ መሆኑን ዘንግቼው ነው።

፬ኛ. ስለ ማቆያው።

ማታ ሲመሽ ገመዱ ጋ ስደርስ እርስዎ ቀድመው ነግረዋቸው ኖሮ ጠባቂዎቹ ይጠብቁኝ ነበር። ከውጭ ስለ ገባሁ አሥራ አራት ቀን በትምህርት ቤቱ አንደኛ ክፍል እንድቆይ ተወሰነብኝ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሱፐርማርኬት፣ በዚያው በር የወጡት እርስዎ ግን ሥራ ላይ ስለ ነበሩ በሽታው እንደማይነካዎ ተነገረን። ኮሮና ሹመት አክባሪ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?

እሺ፣ እኔ ልታሰር፤ ጣሳዎቹን ለሲሳይነሽ ስጡልኝ ብል፣ ጣሳውም ከውጭ ስለ ገባ አሥራ አራት ቀን ከእኔ ጋር እንዲቆይ በቃልዎ አዘዙ። በሳሙና ይታጠብ አልሁ። በአመድ ይታሽ አልሁ። ተስፋው በመስኮት ሊቀበለኝ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ከሥራ እንደሚያባርሩት ስለ ነገሩት መለሰው። ከጠባቂዎቹ አንዱም በሕማማት ወተት መመኘቴን ሲተች ሰማሁት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉት ተረት ለእኔ ተቀየረልኝ፤ እኔ ወተቷን ታቅፌ አያታለሁ።

ቤቴ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ነው። መልካሙ ሲያለቅስ ይሰማኝ ነበር። ሰኞ ሌሊት እንደ ጤነኛ ልጅ ጮሆ አለቀሰ። ማክሰኞ ድምፁ ጎረነነ። ረቡዕ እየቆየ፣ እየቆየ ነበር የሚያለቅሰው፤ እኔም ጣሳዎቹን በጉልበቴ ላይ አድርጌ ግድግዳውን እየደበደብሁ ስምዎን ስጠራ አደርሁ። ቤትዎ ከዚያ ሩቅ ስላልሆነ ሰምተውኛል ብዬ አምናለሁ። ሐሙስ ጠዋት ምንም አልተሰማኝም። ሲሳይነሽ ወደ አጥሩ መጥታ «እማዬ» አለች። ሌላ አልነገረችኝም፤ አልጠየቅኋትምም።

አርባ ቀኑ ሊሞላ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበርና ክርስትና አልተነሣም። ቄሱን ሮጠው እንዳይጠሩ ከቤት ቤት መግባት ክልክል ነበር። በሕማማት ለሞተ ፍትሐት አይደረግም፤ ላልተጠመቀ ደግሞ በየትኛውም ወር አይደረግም። ሁለት ሰው ወስዶ ቀበረው። እኔ ለቀብሩ እንድወጣ ብጠይቅ አሥራ አንድ ቀን እንደሚቀረኝ አስታወሱኝ፤ ሒሳብዎ ትክክል ነበር፤ በአንድ ቀን እንኳ አልተሳሳቱም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ምስክርነቴ ይኸው ነው። ለበላይ አካል ባቀረቡት ሪፖርት በቀበሌያችን በኮሮና የሞተ ሰው እንደሌለ ጽፈዋል አሉ። እውነት ጽፈዋል፤ ማንም ቢጠይቀኝ በመስቀል እምልልዎታለሁ። አንድም ሰው በኮሮና አልሞተም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እኔ ግን አላለቅስብዎትም፤ አልረግምዎትምም። ሹመት ያዳብርልዎ። በየሄዱበት ቀበሌ ሕፃናት ይቆዩዎት።

የምስጋና ወረቀትዎን በሁለት እጅዎ ሲቀበሉ ከሕዝቡ መካከል ቆሜ የማጨበጭብልዎ፣ ትዕዛዝዎን እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ድረስ የፈጸምሁ፣ ታማኝ ነዋሪዎ፣

ወይኒቱ አድማሴ
ዝግባ ወንዝ፣ ግንቦት ፳፻፲፪ ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ የልጁን ሞት እንዳስመዘግብ ከጽሕፈት ቤትዎ የተላከልኝን ቅጽ ሞልቼ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የእናቱን ስም ሁሉ በቦታው አስፍሬያለሁ። «የሞት ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ የእርስዎን ስም ከነአባትዎ፣ ከነአያትዎ ጽፌዋለሁ። ያለ ሊቀ መንበሩ ፊርማ አይጸናም ስላሉኝ፣ እባክዎ ከሽልማቱ ቀን በፊት ይፈርሙልኝ።