ሁለተኛው ጥሪ፦ የኮሎኔል ዮሴፍ እንግዳወርቅ የሕይወት ታሪክ (1947 – 2018 ዓ.ም.)

ኮሎኔል ዮሴፍ እንግዳወርቅ ከአባታቸው ከአቶ እንግዳወርቅ ኃይሌ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺመቤት ደስታ ጥቅምት 9 ቀን 1947 ዓ.ም. በጣርማ በር ተወለዱ። አባታቸው የመንገድ ሠራተኛ ነበሩ። መንገዱ ተራራውን ከሚያቋርጥበት ዋሻ አፍ አጠገብ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት እየኖሩ ናዳ የዘጋውን መንገድ በአካፋ ይከፍታሉ፤ ጉም በወረደ ቀን ደግሞ ፋኖስ ይዘው መኪና ያሳልፋሉ። ኮሎኔሉ ቆጠራ የለመዱት እዚያው ነው። የጭነት መኪና ከዋሻው ወጥቶ ደብረ ሲና እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በድምፁ ያውቁ ነበር። ልማዱ እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። ለሠርግ የተጠራው ሰው ሁሉ ገና ልብሱን ሲተኩስ እሳቸው ከድንኳኑ ደጃፍ ቆመው ሰዓታቸውን ያዩ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በደብረ ሲና፣ ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ብርሃን ተከታትለው በ1966 ዓ.ም. በእጩ መኮንንነት ወደ ጦር ሠራዊት ገቡ። ተኩስ አልሆነላቸውም፤ ይህንንም ራሳቸው እየሳቁ ያወሩት ነበር። በዚህ ምክንያት ትራንስፖርት ክፍል ተመድበው በምሥራቅም በሰሜንም ስንቅ፣ ውሃና ቁስለኛ አመላለሱ። ለቤተሰባቸው ስለ ጦርነት ሲያወሩ ወሬው ሁሉ ስለ ጎማና ስለ ነዳጅ ነበር። ውሃ የጫነ ቦቴ አንድ ቀን ዘግይቶ ሲደርስ የሚያገኘውን አይተዋል፤ ያዩትን ግን ተናግረው አያውቁም።

በ1975 ዓ.ም. የሸዋ ሮቢት ተወላጅ ከሆኑት ከወይዘሮ መሠረት ጎበና ጋር ጋብቻ መሥርተው ትንሣኤንና ማህሌትን ወለዱ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን የሻምበልነት ማዕረጋቸውን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው የተሳቢ መኪና ሾፌር ሆኑ። ለሰባት ዓመት በአሰብ መስመር ተመላልሰዋል። ባለቤታቸው በዋናው መንገድ ዳር የሾፌሮች ምግብ ቤት ከፍተው ልጆቹን ያሳደጉት በዚያ ጊዜ ነው። በ1991 ዓ.ም. አገር እንደገና ስትፈልጋቸው ምንም ሳያጉረመርሙ ተመለሱ።

በ1996 ዓ.ም. በታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ሰላም ለማስከበር ከዘመተው ኃይል ጋር ሄዱ። እዚያ አንድ ቀን በሬዲዮ የድረሱልን ጥሪ መጣ፤ እሳቸውም የመኪና ሰልፍ ላኩ። ጥሪው የሐሰት ነበር። መኪኖቹ ፈንጂ ወደተቀበረበት ድልድይ ገብተው ሦስት ሾፌሮች ሞቱ። ኮሎኔሉ የሦስቱን ስም ከነአባታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው በቃላቸው ይዘው ኖረዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ስለሆነ እዚህ ላይ ተጽፏል።

ከ1999 እስከ 2006 ዓ.ም. የአህጉራችን አገሮች የጋራ ተጠባባቂ ጦር ለማቋቋም ሲመክሩ በኮሎኔል ማዕረግ በዕቅድ ባለሙያነት ሠርተዋል። አሳቡ ቀላል ይመስላል፤ አንዱ አገር ሲጠቃ ሌሎቹ ይደርሱለታል። ማን ያዝዛል፣ ማን ይከፍላል፣ በስንት ቀን ይደረሳል ሲባል ግን ጉባኤው ከዓመት ዓመት ይዞራል። የኮሎኔሉ ሥራ የመጨረሻዋን ጥያቄ መመለስ ነበር። የየትኛው አገር ድልድይ ስንት ቶን እንደሚሸከም፣ ወዳጅ አገር ኬላ ላይ የወታደር መኪና ማኅተም ለማስመታት ስንት ቀን እንደሚቆም ያውቁ ነበር። በሚያቀርቡት ሰነድ ሁሉ ላይ አንድ አንቀጽ ሳያስገቡ አይፈርሙም፤ ጥሪ ከሁለት የተለያየ ቦታ ካልተረጋገጠ ጦር አይንቀሳቀስም የምትል። በዚያች አንቀጽ ከጄኔራሎች ጋር ተጣልተዋል። በሦስቱ ሾፌሮች ምክንያት መሆኑን ግን ለማንም አልተናገሩም።

ጡረታ ወጥተው ሸዋ ሮቢት ሲገቡ ሽንኩርትና ማንጎ ያለሙ ጀመር። ወይዘሮ መሠረት በ2009 ዓ.ም. አረፉ። ጊዜው እየከፋ፣ መንገዱ እየተዘጋ፣ ጎረቤት ከጎረቤት እየተፈራራ ሲመጣ በ2012 ዓ.ም. የሰባት መንደር ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። እስላምም ክርስቲያንም፣ አማራም አርጎባም ኦሮሞም ነበሩበት። አንዱ መንደር ሲነካ ስድስቱ ሊደርሱለት ተማማሉ። ዕቅዱን እንዲያወጡ የተመረጡት ኮሎኔሉ ናቸው፤ ሌላ ማንስ ይመረጥ ነበር? አህጉር ያህል ነገር ሲያቅድ የኖረ ሰው መንደራችን ገብቷል ብሎ ሕዝቡ ኮርቶ ነበር።

ኮሎኔሉም ያቺን አንቀጽ ይዘዋት መጡ። እያንዳንዱ መንደር ሁለት ጠሪ ይኑረው፤ ሁለቱ በአንድ ላይ እንዳይያዙ ተራርቀው ይቀመጡ፤ ሁለቱም ሳይደውሉ ማንም እንዳይንቀሳቀስ አሉ። ምክንያት ነበራቸው፤ በዚያ ሰሞን በውሸት ወሬ የሚፈሰው ደም ከእውነቱ አያንስም ነበር። በአሊዩ አምባ ተወልደው በሾላ ሜዳ የሚኖሩት ሼህ አብዱልመሊክ ብቻ አልተዋጠላቸውም። «ዮሴፍ ልጄ፣ ሰው ሲጮህ እንሮጣለን እንጂ ሌላ እስኪጮህ ቆመን እንሰማለን እንዴ? ወላሂ ይቺ ነገርህ አትጥመኝም» አሉ። ኮሎኔሉ በትሕትና አስረዷቸው። ሼሁም ጉባኤው እንዳይፈርስ ብለው ተቀበሉ፤ እንዲያውም የሾላ ሜዳ አንደኛ ጠሪ ሆኑ። ሁለተኛው ጠሪ ከወንዝ ዳር በውሃ ፓምፕ ሽንኩርት የሚያለሙት አቶ ሙሀሲን ሰይድ ነበሩ።

በመስከረም ወር 2015 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሾላ ሜዳ በታጠቁ ሰዎች ተከበበች። ሼህ አብዱልመሊክ ደወሉ። ኮሎኔሉ ወዲያው የስድስቱን መንደር ሰው በሮቢ ድልድይ አሰባሰቡ፤ አይሱዙውም ትራክተሩም ተሰለፈ። ከድልድዩ ሾላ ሜዳ ሃያ አምስት ደቂቃ መሆኑን እሳቸው ራሳቸው ለክተዋል። ሁለተኛው ጥሪ ግን አልመጣም። ሼሁ ደግመው ደወሉ፤ ኮሎኔሉ የአቶ ሙሀሲንን ጥሪ እየጠበቁ መሆኑን ነገሯቸው። በሦስተኛው ሼህ አብዱልመሊክ የተናገሩትን ከኮሎኔሉ አጠገብ ቆማ የነበረችው ልጃቸው ማህሌት ሰምታለች። «ዮሴፍ፣ እኔንም አታምነኝም?» ነው ያሉት። ኮሎኔሉ አምንዎታለሁ አሉ። ግን አላንቀሳቀሱም። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሕዝቡ ትእዛዝ መጠበቁን ትቶ ሄደ፤ እሳቸውም አብረው ሄዱ። ሼህ አብዱልመሊክን ጨምሮ አሥራ አራት ሰው ሞቶ አገኙ። የአቶ ሙሀሲን አስከሬን ግን ከሟቾቹ መካከል አልነበረም።

በጥቅምት ወር ኮሎኔሉ በሰባቱ መንደር ሕዝብ ፊት ሪፖርት አነበቡ። በወታደር ቋንቋ የተጻፈ አጭር ወረቀት ነው። ከውስጡ አንዲቱ ዓረፍተ ነገር «ሁለተኛው ጠሪ ግዴታውን ሳይወጣ ቀርቷል» ትላለች። ስም አልጠሩም፤ ሁለተኛው ጠሪ ማን እንደሆነ ግን ሕዝቡ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ሙሀሲን መንደሩን ሸጦ ጠፋ ተባለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዙሀራ ገበያ ላይ ሽንኩርታቸውን የሚገዛቸው ጠፋ፤ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት የከዳተኛ ልጆች ተባሉ።

በኅዳር ወር ማሽላ ሲታጨድ አቶ ሙሀሲን ተገኙ። በጥይት ተመትተው ወድቀው ነበር፤ ስልካቸው በእጃቸው ነበረ። የወንዙ ዳር ረባዳ ስለሆነ ኔትወርክ የለውም፤ ለመደወል ከማሽላው በላይ ያለው ጉብታ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ወደ ጉብታው እየሮጡ ስልሳ እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ነው የተመቱት። ሕዝቡ ግን ሪፖርቱን ሰምቶ ስለነበር ሲሸሹ ተመቱ አለ። ሁለቱ ጠሪዎች ይራራቁ ብለው እዚያ የመደቧቸው ኮሎኔሉ ናቸው። የመኪናውን ደቂቃ ቆጥረው የሰውየውን እግር አልቆጠሩም።

ኮሎኔሉ በዚያው ሳምንት አንቀጿን ሰረዙ፤ ከእንግዲህ አንድ ጥሪ ይበቃል አሉ። ለምን እንደሆነ ግን ለሕዝቡ አልተናገሩም። ወደ ወይዘሮ ዙሀራ ቤት ሁለት ኩንታል ማሽላ አስጭነው፣ ማህሌትን አስከትለው ሄዱ። ወይዘሮ ዙሀራ ከበር ላይ ሳይነሱ መለሷቸው። «ጋሼ ዮሴፍ፣ ማሽላ አልጠየቅኩዎትም። ያን ወረቀት ሲያነቡ ሕዝብ ነበር፤ ሲመልሱትም ሕዝብ ይኑር» አሏቸው። ኮሎኔሉ ዕቅዱ የተሳሳተ ነበር ብዬ ከተናገርኩ ሕዝቡ እምነት ያጣል፣ ሰባቱ መንደሮች ይበተናሉ ብለው ሊያስረዱ ሞከሩ። «መንደሮቹ እንዳይበተኑ የኔ ልጆች ይበተኑ?» አሏቸው ወይዘሮ ዙሀራ። ኮሎኔሉ ማሽላውን እንደያዙ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ በየስብሰባው በወረቀት የጻፉትን የሪፖርቱን እርማት በኪሳቸው ይዘው ገብተው በኪሳቸው ይዘው ወጥተዋል። ወረቀቱ ከመተጣጠፉ ብዛት አራት ቦታ ተቀዷል። ልጃቸው ማህሌት በዚህ ተናድዳባቸው ወራት ያላነጋገረቻቸው ጊዜ ነበር፤ ዛሬም ንዴቷ አልወጣላትም። እንደምትወዳቸውም ታውቃላችሁ።

በ2017 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ለእጥበት ወደ ደብረ ብርሃን ሲመላለሱ በአጠገቡ በተወለዱበት ዋሻ ውስጥ ያልፉ ነበር፤ እዚያ ሲደርሱ ሰዓታቸውን ማየት ትተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በዘንድሮው ገና ሰሞን ልጆቻቸውን ጠርተው የሕይወት ታሪካቸው እንዲህ እንዲጻፍ አዘዙ። ትንሣኤ ለቀብር የመጣ ሰው ፊት የአባትን ጥፋት ማንበብ ነውር ነው ብሎ ተከራከረ። ኮሎኔሉ ግን አልተረቱም። «በሕይወቴ ይህን ያህል ሰው አንድ ላይ ሰብስቤ መናገር ፈራሁ። በቀብሬ ዕለት ግን ሕዝቡ መጥቶ ይቆማል፣ እኔም መሸሻ የለኝም። አንብቡት» አሉ። እኛም አነበብነው።

ስለዚህ በኮሎኔል ዮሴፍ እንግዳወርቅ ኑዛዜ መሠረት የሚከተለው በእናንተ በሰባቱ መንደር ሕዝብ ፊት ይታረማል። አቶ ሙሀሲን ሰይድ ከአባታቸው ከአቶ ሰይድ ዑመር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ከዲጃ አሊ በ1973 ዓ.ም. በሾላ ሜዳ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በወንዙ ዳር የውሃ ፓምፕ በመትከል የመጀመሪያው ሰው ናቸው፤ ለጎረቤት በነፃ ያጠጡ ነበር። ከወይዘሮ ዙሀራ ጋር ተጋብተው ሁለት ልጆች ወልደዋል። በመስከረም ወር 2015 ዓ.ም. የተሰጣቸውን ጥሪ ለማድረስ ሲሮጡ በ42 ዓመታቸው ተገደሉ። ግዴታቸውን አላጓደሉም። ያጓደለው ዕቅዱ ነው፤ ዕቅዱ ደግሞ የኮሎኔሉ ነው። ሼህ አብዱልመሊክም ከመጀመሪያው ትክክል ተናግረው ነበር። ሰባቱ መንደሮች ይህን ሰምተው ቃላቸውን ያጸኑ ወይም ይተዉ፣ ውሳኔው የእናንተ ነው።

ኮሎኔል ዮሴፍ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ። አቶ ትንሣኤ ዮሴፍንና ወይዘሮ ማህሌት ዮሴፍን፣ እንዲሁም አራት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል።

እግዚአብሔር አምላክ የዘገየውን ቃላቸውን እንደ ደረሰ ቆጥሮ ነፍሳቸውን ይቀበልልን። ለሼህ አብዱልመሊክ፣ ለአቶ ሙሀሲንና በዚያ ቀን ለወደቁት ሁሉ አላህ ይዘንላቸው። ወይዘሮ ዙሀራ ይህን ለመስማት ዛሬ መጥተዋል፤ ልጆቻቸውም ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ከዚህ ስትወጡ ሳትሳቀቁ ቀርባችሁ ልጆቹን በአባታቸው ስም ጥሯቸው። አብዱሰላም ሙሀሲን፣ ሪሀና ሙሀሲን።