አባባና የጉድጓዱ ውሃ

ለተከበርሽው ታላቅ እህቴ፣

ሰላምታዬ ከፖስታው ቀድሞ ደጅሽ ይድረስ። እኛ ከነከብቶቻችን ደህና ነን።

አባባ መዥገርን ድል ነሥተዋል። መድኃኒቱን ጉድጓዱ አጠገብ ቆመው ከብቶቹ ላይ ይረጫሉ፤ መርጫውንም እዚያው ያለቀልቃሉ፣ ውሃው ቅርብ ነዋ። ከዚያ ወዲህ እንቁራሪቶቹ ዝም ብለዋል። «ሥርዓት ያዙ» ይላሉ አባባ። እማዬ ደግሞ ሻይ ስትቀዳ እጇ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። «እርጅና ነው» አሏት፣ በአሥር ዓመት የሚበልጧት ሰውዬ።

ሕፃኑን ይዘሽ ልትመጪ መሆኑን ሰምተን ደስ ብሎናል። የጡጦውን ውሃ ግን ከዚያው ጭነሽ ነይ፤ አባባ ከጠየቁሽ «ሐኪም ነው ያዘዘኝ» በያቸው። እኔማ አፌን ብከፍት «አንተን ያሳደገ ውሃ ነው» ብለው አንድ ጣሳ ሙሉ ጨለጡልኝ። ሁለተኛውን ሲቀዱ «ልክ ነዎት» አልኳቸው።

ናፍቆቴ ከወረቀቱ ይሰፋል።

ታናሽ ወንድምሽ